ቀልቡ ያለበት ቦታ፦ ቪዲዮ ጌምን ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲና ዲስሌክሲያ ላለባቸው ልጆች መደገፊያ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

የቤት ሥራ ደብተር ፊት አሥር ደቂቃ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ጌም ሲከፈትለት ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ይህን ያየ ወላጅ ብዙ ጊዜ «ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው፤ ስንፍና ነው» ይላል። ተሳስቷል። ደብተሩና ጌሙ ከልጁ የሚጠይቁት ነገር አንድ አይደለም። ደብተሩ ላይ የሠራው ልክ ይሁን ስህተት የሚያውቀው ነገ መምህሩ ሲያርም ነው፤ ጌሙ ወዲያው ይነግረዋል። ደብተሩ ላይ ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ጌም ላይ ስህተት ማለት እንደገና መጀመር ብቻ ነው። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይስቅም። ሕጉ ዛሬም ነገም ያው ነው፤ የሰው ፊት እያነበቡ «አሁን ተናዶ ይሆን?» ማለት የለም።

አእምሯቸው ከብዙኃኑ በተለየ መንገድ ለሚሠራ ልጆች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ከሰው ጋር መግባባትና ለውጥን መቀበል የሚከብድበት ኦቲዝም፣ ትኩረትና እርጋታ የሚያስቸግርበት ኤዲኤችዲ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግርበት ዲስሌክሲያ፣ የእጅና የሰውነት ቅንጅት የሚያስቸግርበት ዲስፕራክሲያ፣ እነዚህ ሁሉ «ኒውሮዳይቨርጀንት» በሚለው የጋራ ስም ይጠራሉ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ልጆቹ አንድ አይደሉም፤ የአንዱን ልጅ ቀልብ የሚሰበስብ ጌም ሌላዋን ሊያስለቅሳት ይችላል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ለልጁ ሳይሆን ለእናንተ የተጻፉ ናቸው። ጌም ብቻውን ብዙ አያስተምርም ባይ ነኝ። የሚሠራው አጠገብ የተቀመጠው አዋቂ አይቶ የሚያደርገው ነው።

መጀመሪያ፣ የማይሆነውን እናስቀድም

ጌም መድኃኒት ነው የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቆም በሉ። ለመድኃኒትነት በጣም የቀረበው ኢንዴቨር አርኤክስ የተባለው ጌም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ኤዲኤችዲ ላለባቸው ልጆች በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በጌም መልክ የተሠራ ሕክምና ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። አወሳሰዱም እንደ ክኒን ነው፦ በቀን 25 ደቂቃ ገደማ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ4 ሳምንት። መሻሻሉ የታየው ግን በኮምፒውተር በሚለካ የትኩረት ፈተና ላይ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ረግቶ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ፈቃዱም ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ እንጂ በሌላው ምትክ እንዲሰጥ አይልም።

ሌላው ብዙ የሚወራለት እ.ኤ.አ. በ2013 ከጣሊያኑ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች በድምሩ 12 ሰዓት ፈጣን ጌም ከተጫወቱ በኋላ ምንም የንባብ ልምምድ ሳይጨመርላቸው የንባብ ፍጥነታቸው ከፍ አለ፤ ስህተታቸውም አልበዛም። ደስ ይላል። ግን የተጠኑት 20 ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ፈጣኑን ጌም የተጫወቱት ደግሞ ግማሾቹ ናቸው። ጣሊያንኛም በአብዛኛው እንደተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የንባብ ትምህርትን በጌም መተካት ልጁን መጉዳት ነው።

ስለዚህ ከጌም የምንጠብቀው ፈውስ ሳይሆን የመለማመጃ ቦታ ነው፦ ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍ፣ ማቀድ፣ የሚወዱትን ነገር ለሌላ ሰው መንገር።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ምንም አትቀይሩ፤ ተመልከቱ

ሀ ብላችሁ የምትጀምሩት ከማስታወሻ ደብተር ነው። ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን አትቀንሱ፣ ጌሙን አትቀይሩ፣ አስተያየትም አትስጡ። በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል አጠገቡ ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ጻፉ። «ማይንክራፍት ተጫወተ» (በብሎክ የሚገነባበት ጌም ነው) የሚል ማስታወሻ አይረባም። «አርባ ደቂቃ ሙሉ በሳጥን ያሉትን ዕቃዎች በቀለም በቀለማቸው ሲለይ ቆየ፤ አንድም ጭራቅ አልነካም» የሚለው ይጠቅማል። ሁለት ልጆች አንድ ጌም ከፍተው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱ ይገነባል፤ አንዷ አገር ታስሳለች፤ ሌላው የሚወደውን ሙዚቃ ለመስማት ሲል ብቻ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

ከጌሙ በፊት ምን ነበር? ከትምህርት ቤት ደክሞት መጥቶ ነው ወይስ ሰልችቶት? ሲጫወት ትከሻው ይላላል ወይስ ይወጠራል? ሲሸነፍ ወዲያው ይደግማል፣ ጆይስቲኩን ይወረውራል ወይስ ወደሚያውቀው ቀላል ሌቭል ይመለሳል? ጌሙ ካለቀ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎችስ እንዴት ናቸው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይነግራችኋል። ከጌም ረግቶ የሚነሳ ልጅና እየተነጫነጨ የሚነሳ ልጅ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ አንድ አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ። ልጁ ያንኑ ነገር መቶ ጊዜ ሲደጋግም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሊመስላችሁ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በማያውቅበት ቦታ ሲታገል ለዋለ ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ መጨረሻውን የሚያውቀው ነገር ማረፊያ ነው። ቶሎ ልታስተዉት አትሞክሩ።

ደረጃ 2፦ አንድ ግብ ብቻ፣ በዓይን የሚታይ

«ማኅበራዊ ክህሎቱ እንዲሻሻል» ግብ አይደለም፤ ምኞት ነው። «ተራው እስኪደርስ አንድ ዙር ይጠብቃል»፣ «ሲሸነፍ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል»፣ «ሲያቅተው በቃል ወይም በምልክት እርዳታ ይጠይቃል» ግብ ናቸው። አንዱን ምረጡ፤ ለአራት ሳምንት ያዙት። ግቡ «ከትምህርት ቤት መልስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ» ቢሆንም ያስኬዳል። እንዲያውም እያንዳንዱን ጨዋታ ትምህርት ካደረግነው ልጁ የቀረችውን አንዲት ማረፊያ ነጠቅነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ጌሙን ለልጁ ልክ ምረጡ

እዚህ ላይ የጌሙን ሽፋን ሳይሆን አሠራሩን ነው ማየት።

ትኩረቱ ቶሎ ለሚበተን ልጅ ዋናው ጥያቄ «አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» የሚለው ነው። ማሪዮ ካርት በተባለው የመኪና እሽቅድድም ጌም ውስጥ አንድ ውድድር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አራት ውድድር ደግሞ አንድ ዋንጫ ይሆናል። መጀመሪያውና መጨረሻው በግልጽ ይታያል፣ ማረፊያ አለው። መጨረሻ የሌለው፣ በየደቂቃው አዲስ ሽልማት የሚያፈስ የስልክ ጌም ግን ለዚህ ልጅ በጣም ከባዱ ነው፤ የማቆሚያ ቦታ ሆን ተብሎ አልተሠራለትምና።

ድምፅና ብርሃን ቶሎ ለሚበዛበት፣ ድንገተኛ ነገር ለሚያስደነግጠው ልጅ፣ ዝግ ያሉና የሚገመቱ ዓለሞች ይሻላሉ። ማይንክራፍት እዚህ ላይ ስሙ የሚነሳው በምክንያት ነው። በፈጠራ ሞድ ሲከፈት ዕቃው አያልቅም፣ ሞት አያስጨንቅም፣ መብረርም ይቻላል፤ ሰላማዊ በሚባለው ደረጃ ደግሞ የሚያጠቁ ጭራቆች ከዓለሙ ይጠፋሉ፣ ረሃብም አይመጣም። ስታርዲው ቫሊ እርሻ ነው፤ ዘር ትዘራላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ ታጭዳላችሁ። አንፓኪንግ ደግሞ ከካርቶን ዕቃ እያወጡ በቦታ በቦታው ማስቀመጥ ብቻ ነው። ይህ ምኑ ጨዋታ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ነገሮችን በቦታቸው ማድረግ ልቡን ለሚያሳርፈው ልጅ ግን ከዚህ የበለጠ ጨዋታ የለም።

ለዲስሌክሲያ ልጅ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሌላ ሰው ሲጫወተው የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጉና አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። መመሪያው በንግግርና በሥዕል ይመጣል ወይስ በረጅም ጽሑፍ? ጽሑፉ ራሱ ይሄዳል ወይስ አዝራር እስኪጫኑ ይጠብቃል? የሚጠብቅ ከሆነ ብዙ ጽሑፍም ቢኖረው ይቻላል። ልጁ ታሪኩን ለማወቅ ሲል የሚያነበው መስመር፣ ታዞ ከሚያነበው ገጽ ይልቅ ይዋሐደዋል።

ጣቶቹ እንደ ልብ ለማይታዘዙለት ልጅ ደግሞ እገዛ ያላቸው ጌሞች አሉ። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ መኪናው ከመንገድ እንዳይወጣ ራሱ መሪ የሚያስተካክልበትና ነዳጅ ሳይጫኑ የሚሄድበት ምርጫ አለው፤ ሁለቱን ካበራችሁ የአምስት ዓመት ልጅም ከቤተሰቡ ጋር ይወዳደራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሴሌስት በአስቸጋሪነቱ ቢታወቅም ፍጥነቱን መቀነስ፣ ጉልበት እንዳያልቅና ጭራሹን እንዳይሞቱ ማድረግ ይፈቅዳል። «ይሄማ ማጭበርበር ነው» አትበሉ። መነጽር ያደረገ ሰው አነበበ እንጂ አጭበረበረ አይባልም። እጁ መደበኛውን ጆይስቲክ ጨርሶ ለማይችል ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር አለ፤ ትላልቅ አዝራሮች ያሉትና ሌሎች መጫኛዎች የሚሰኩበት ነው።

የዕድሜ ምልክቱንም እዩ። የአውሮፓው ፔጊ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 እያለ ይለያል። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ይዘቱ ነው፣ ስለ ክብደቱ አይደለም። «3» የተጻፈበት ጌም ለአሥር ዓመት ልጅ ሊከብድ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ልጁ ሳይመጣ ሴቲንጉን ጨርሱ

አዲስ ጌም ገዝቶ ልጁ ፊት መክፈት ትልቅ ስህተት ነው። ማውረዱ፣ አፕዴቱ፣ አካውንት መክፈቱ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ መጠበቅ የማይችል ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ እያለቀሰ ይቆያል። ማታ ልጁ ሲተኛ ጨርሱት።

ከዚያ የሙዚቃውን፣ የድምፅ ውጤቱንና የንግግሩን መጠን ለየብቻ አስተካክሉ፤ ብዙ ልጅ የሚረበሸው በሙዚቃው ሳይሆን በፍንዳታው ነው። የጆይስቲኩን ንዝረት ለመጀመሪያው ቀን አጥፉት። የስክሪን መንቀጥቀጥና ብልጭታ መቀነሻ ካለ ቀንሱ። በስክሪኑ ግርጌ የሚወጣው የንግግር ጽሑፍ ይብራ፣ ፊደሉ ይተልቅ። በየደቂቃው ብቅ የሚሉ ማሳወቂያዎችን ዝጉ።

ብልጭታውን በዋዛ አትለፉት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ አንድ የካርቱን ክፍል በቀይና በሰማያዊ ፈጣን ብልጭታው ምክንያት ከ600 በላይ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ልጆችን፣ ሆስፒታል አስገብቷል። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በበለጠ ይታያል። ልጃችሁ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ወይም ተንዘፍዝፎ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ብልጭታ የበዛበት ጌም አትክፈቱ። ሌላውም ልጅ ቢሆን ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ከስክሪኑ ራቅ ብሎ ይጫወት።

ደረጃ 5፦ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እሱ ያስተምራችሁ

እዚህ ላይ የቤተሰቡ ወንበር ይገለበጣል። አዋቂው አላዋቂ ይሆናል፣ ልጁ መምህር። ቀኑን ሙሉ ሲታረም የዋለ ልጅ «እንዲህ አይደለም፣ ቆይ ላሳይህ» የሚልበት ዕድል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ ብታዩ ጆይስቲኩን ለመያዝ አታመነቱም። አለመቻላችሁን አትደብቁ። ገደል ስትገቡ «አይ፣ አቃተኝ። ልተንፍስና ልድገመው» በሉ፤ በቁጣ ላይ ከሚሰጥ ምክር ይልቅ ይህን አይቶ ይማራል።

አነጋገራችሁን ቀይሩ። ጥያቄ አታብዙ። «ይሄ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ አደረግህ? ስንት ቀረህ?» ሲደራረብበት ፈተና ይሆንበታል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በጥያቄ ፈንታ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ድልድዩን በድንጋይ ቀየርከው»፣ «ያ ቀይ ነገር እንደገና መጣ»። ከዚያ ዝም በሉ። መልስ ላይመጣ ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ብሪታንያዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሳው ሐሳብ አለ። ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ችግሩ የአንዱ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም የሌላውን ዓለም ለማንበብ ይቸገራሉ። ጌም ሁለታችሁም አንድ ነገር የምትመለከቱበት ቦታ ይሰጣችኋል። ዓይን ለዓይን መተያየት ሳይኖር ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት ለብዙዎቹ ልጆች ይቀልላል።

አብሮ ለመጫወት ከመፎካከሪያ ይልቅ መተባበሪያ ጌም አስቀድሙ። ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ አንዱ ተጫዋች ማሪዮን፣ ሌላው ኮፍያውን እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ልጁ ማሪዮን ይዞ ሲሮጥ እናንተ ኮፍያ ሆናችሁ ትከተላላችሁ። ተራ መጠበቅንና እርዳታ መጠየቅን ለማለማመድ ጥሩ መነሻ ነው። እኅት ወንድሞች ካሉ ቅደም ተከተሉን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በአፍ የተነገረ ተራ ይረሳል፣ የተጻፈ አያከራክርም።

ደረጃ 6፦ ማቆም

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ በአብዛኛው ቤት ጦርነቱ ያለው እዚህ ነውና።

ልጁ ለምን ማቆም ያቅተዋል? ተመራማሪዎቹ ዳይና መሪ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ የኦቲዝም ትኩረት ጥቂት ነገር ላይ ብቻ በኃይል የሚፈስ ነው ብለው ገልጸውታል። ወንዝ ጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገባ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ አቅጣጫ ማስቀየሩ ግን ቀላል አይደለም። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ጊዜ አይሰማውም። «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ስትሉት አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ በሰውነቱ አያውቀውም። ሁለቱንም ልጆች ገመዱን ነቅላችሁ ብታስቆሟቸው የምታዩት ጩኸት ድርቅና አይደለም። ሰማይ ተደፍቶባቸው ነው።

መጀመሪያ የጌሙን ሰዓት ተማሩ። የግድግዳው ሰዓትና የጌሙ ሰዓት አይገናኙም። ማይንክራፍት ውስጥ አንድ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ «ፀሐይ ስትጠልቅ ቤትህ ግባና እናቆማለን» ማለት ይቻላል። ስታርዲው ቫሊ ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባሕሪው ሲተኛ ነው፤ ከመተኛቱ በፊት ከተዘጋ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጠፋል። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ታገሡት። ማሪዮ ካርት ላይ «አንድ ዋንጫ» በሉ። ከብዙ ሰው ጋር በኢንተርኔት በሚካሄድ ውድድር ግን መሐል ላይ ማቆም የለም፤ ሰዓቱ የቀረበ ከሆነ አዲስ ዙር እንዳይጀመር ቀድሞ መስማማት ነው።

ቀጥሎ ስምምነቱ ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ጆይስቲኩ ሳይነሳ «ዛሬ ሁለት ዋንጫ፣ ከዚያ ገላ መታጠብ» ይባል። ጽፋችሁ ወይም ሥላችሁ ስክሪኑ አጠገብ አስቀምጡት። እያነሰ የሚሄድ ቀለም የሚያሳይ ሰዓት ወይም የአሸዋ ሰዓት ጊዜ ለማይሰማቸው ልጆች ከቁጥር ይሻላል።

ማስጠንቀቂያውን ከኩሽና አትጩኹ። ሂዱ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ የሚሠራውን አንድ ደቂቃ ተመልከቱ፣ ከዚያ ከጌሙ ውስጥ ተናገሩ፦ «ይህን ግንብ ስትጨርስ ሴቭ እናደርጋለን»። ከሴቭ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት ሥራ አትውሰዱት። መሐል ላይ ድልድይ አድርጉ፦ ውሃ መጠጣት፣ መዝለል፣ የገነባውን ፎቶ አንስቶ ለአባት ማሳየት። ጌም ሲጫወት ረሃቡን፣ ጥማቱንና ሽንቱን የማይሰማ ልጅ አለ። ያ ሁሉ ሲያቆም በአንድ ጊዜ ይመጣበታል፤ ግማሹ ንጭንጭ እሱ ነው። በየዙሩ መሐል አንድ ጉንጭ ውሃና አንድ የመጸዳጃ ቤት ጉዞ ልማድ አድርጉ።

እንዲህም ሆኖ ስሜቱ ሊገነፍል ይችላል። ያኔ አታስተምሩ፣ አትከራከሩ፣ ቅጣትም አትጨምሩ። ድምፅ ዝቅ፣ መብራት ዝቅ፣ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ራቅ ይበል። ስምምነቱን ግን አታፍርሱ፤ ጩኸት ተጨማሪ ዙር ካስገኘ ነገም ጩኸት ይመጣል። በማግስቱ በተረጋጋ ሰዓት «ትናንት የቱ ጋ ከበደህ?» ብላችሁ አብራችሁ አስተካክሉት።

ስለ ቅጣት የኔ አቋም ይህ ነው፦ ሳህን ስለ ሰበረ ጌም መከልከል አይገባም። ጌሙ ማረፊያው ከሆነ እንቅልፍ እንደ መከልከል ነው፤ ከሳህኑም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ደረጃ 7፦ ከስክሪኑ ወደ ቤት ይውጣ

ጌም ውስጥ የሚችለውን ውጭ ላይ በራሱ አያመጣውም። ድልድዩን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ መሥሪያው የጌሙ ቋንቋ ነው። ብዙ ጌም ላይ የቀረ ጉልበት በልብ ሥዕል ይቆጠራል። «ደክሞሃል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የማያገኝበት ልጅ «ከአሥር ልብ ስንት ቀረህ?» ሲባል «ሦስት» ይላል። ሦስት ልብ የቀረው ሰው ጭራቅ አይገጥምም፣ ያርፋል፤ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። የጠዋት ዝግጅትን እንደ ተልዕኮ ዝርዝር ጻፉለት፦ ጥርስ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ። ሲጨርስ ራሱ ምልክት ያድርግ። ቦርሳውን የጌም ዕቃ መያዣ አድርጋችሁ በካሬ በካሬ ሥሉለት፤ ባዶ ካሬ ካየ አንድ ነገር ረስቷል ማለት ነው።

መጻፍ የሚጠላ ልጅ ለጌሙ ካርታ ይሥላል፤ ካርታው ላይ ስም ያስፈልጋል። ከስሙ ቀጥሎ «እዚህ አትግባ፣ ዘንዶ አለ» ይመጣል። ትልልቆቹ ደግሞ ስክራች በተባለው፣ ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በወጣውና በነፃ በሚገኘው መሣሪያ ብሎክ እያገጣጠሙ የራሳቸውን ጌም መሥራት ይችላሉ።

ደረጃ 8፦ ሌሎች ሰዎችና ገንዘብ

በኢንተርኔት መጫወት ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው እውነተኛ ጓደኝነት ነው፤ አትናቁት። ካናዳዊው ስቱዋርት ደንከን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት አባት፣ ልጆች በሌሎች ሰርቨሮች (ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወትባቸው ቦታዎች) እየተሰደቡ መሆኑን ሲሰማ እ.ኤ.አ. በ2013 አውትክራፍት የሚባል የማይንክራፍት ሰርቨር ከፈተ። የሚገባው አስቀድሞ አመልክቶ የተፈቀደለት ብቻ ነው፤ ማንገላታት አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ጥበቃ ያለው ቦታ፣ ወይም የምታውቋቸው ሁለት ሦስት ልጆች ብቻ የሚገቡበት የግል ዓለም፣ ለመጀመር ይበቃል።

ቃልን እንዳለ የሚቀበል ልጅ «ፓስወርድህን ስጠኝ፣ ዕቃ እሰጥሃለሁ» የሚለውን ያምናል። «ተጠንቀቅ» ቢባል ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም፤ ሕጉ ጥርት ያለ ይሁን፦ እውነተኛ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ ፎቶና ፓስወርድ ለማንም አይሰጥም፤ ማንም ሰው «ለወላጅ አትንገር» ካለ ወዲያው ይነገራል፣ ጌምም አይከለከልም። የመጨረሻዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። ጌሙ እንዳይቀማ ፈርቶ የሚደብቅ ልጅ ብቻውን ይቀራል።

ገንዘቡን በፓስወርድ ቆልፉት። ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚገዛውን የዕድል ሳጥን ደግሞ ጨርሶ ራቁት፤ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላ ከልክላዋለች። ሽልማት ለመጠበቅ ለሚቸገር ልጅ ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም።

ደረጃ 9፦ መቼ ነው መስጋት ያለባችሁ?

ልጁ ስለ አንድ ጌም ሌት ተቀን ማውራቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጥልቅ ፍቅር የኦቲዝም አንዱ ገጽታ ነው፤ ትናንት ባቡር ነበር፣ ዛሬ ጌም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-11 በተባለው የበሽታዎች መዝገቡ ያስገባውና እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የጌም መታወክ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላ ፍላጎትና ከዕለት ኑሮ ሁሉ ጌምን ማስቀደም፣ ጉዳት እየመጣም መቀጠል። ይህም ኑሮን በጉልህ የሚያናጋና ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር የዘለቀ ሲሆን ነው።

ዓመት ግን አትጠብቁ። እንቅልፉ ከተበላሸ፣ ምግብ ከተወ፣ በፊት የሚወደውን ሁሉ ከጣለ፣ ወይም ሲጫወት ደስታ ጠፍቶ ጭንቀት ብቻ ከቀረ፣ ማስታወሻ ደብተራችሁን ይዛችሁ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ጌሙ ራሱ ችግሩ ሳይሆን መሸሸጊያው ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያንገላታው ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ትምህርቱ ከብዶት ሊሆን ይችላል። ጌሙን ብቻ ብትወስዱ የሸሸው ነገር እንዳለ ይቀራል። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ግን ለማንም ልጅ ስክሪን ባይኖር ይመረጣል።

ደረጃ 10፦ በአራተኛው ሳምንት ደብተሩን ክፈቱ

የመጀመሪያውን ሳምንት ማስታወሻ ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። ስንት ጊዜ ጆይስቲክ ተወረወረ? ስንት ጊዜ እርዳታ ጠየቀ? ከጌም በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች ተለወጡ? ከተለወጡ ያንኑ ቀጥሉና ሁለተኛ ግብ ጨምሩ። ካልተለወጡ ልጁን ሳይሆን አንዱን ነገር ቀይሩ፦ ሰዓቱን፣ ጌሙን ወይም የማቆሚያውን ቦታ፤ ሦስቱን በአንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ልጁንም ጠይቁት፦ «አብረን ስንጫወት እኔ የማደርገው የሚያናድድህ ነገር ምንድን ነው?» መልሱን ደብተሩ ላይ እሱ ራሱ ይጻፈው፤ መጻፍ ካቃተው ይንገራችሁ፣ እናንተ ቃል በቃል አስፍሩለት።